ምስክሩን ከመፍታት በፊት

ቢጫዋ የሞተር መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ስትበራ ሰው ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ እንዳላየ ሆኖ መንዳቱን ይቀጥላል። ሌላው የስህተት ኮዱን ያስነብብና በዚያው ቀን ዕቃ ገዝቶ ይገባል። ሁለቱም ዓይነት ጓደኞች አሉኝ። የመጀመሪያዎቹን መምከር ትቻለሁ። ይህን የምጽፈው ለሁለተኛዎቹ ነው።

ሰሞኑን የመኪናዬን ኦክስጅን ሴንሰር እቤቴ ሆኜ ቀየርኩ። የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «እንዴት ፈታኸው? አልጠነከረብህም?» ጠንክሮብኛል፤ እመጣበታለሁ። ግን አንድም ሰው «የተበላሸው እሱ መሆኑን በምን አወቅክ?» አላለኝም። እኔን ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ ደግሞ እሱ ነው። መፍታት የጉልበትና የትዕግሥት ጉዳይ ነው። የትኛው ዕቃ መፈታት እንዳለበት ማወቅ ሌላ ሥራ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ዕቃውን እንተዋወቅ። ኦክስጅን ሴንሰር፣ አንዳንዶች እንደሚሉት ላምዳ ሴንሰር፣ ከካንዴላ ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው። ጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ተጠምዝዞ ይገባል። ጫፉ ጭሱ ውስጥ ነው፤ ሽቦው ውጭ ነው። ጫፉ ውስጥ ዚርኮኒያ የሚባል ሴራሚክ አለ። ይህ ሴራሚክ በደንብ ሲግል የኦክስጅን አዮኖችን ያሳልፋል። አንዱ ገጹ ጭሱን ይነካል፤ ሌላው ገጹ የውጭ አየር ያገኛል። የውጭ አየር 21 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ነው። ጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ካለቀ በሁለቱ ገጾች መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፤ ሴራሚኩም 0.9 ቮልት አካባቢ ያመነጫል። ጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ከተረፈ ቮልቴጁ ወደ 0.1 ይወርዳል።

በቃ። የሚያውቀው ይህንን ብቻ ነው። ስለ ቤንዚን የሚያውቀው ነገር የለም። ስለ አየር ማጣሪያ፣ ስለ ካንዴላ፣ ስለ ኢንጀክተር አያውቅም። ኦክስጅን ተርፏል ወይስ አልተረፈም? የሚመልሰው ለዚህች ጥያቄ ብቻ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ሞተሩን የሚቆጣጠረው የመኪናው ኮምፒውተር ይህን መልስ የሚፈልገው በምክንያት ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለማቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልጋል። ጭሱን የሚያጣራው ካታላይዘር በደንብ የሚሠራው ድብልቁ እዚህ ቁጥር አጠገብ ሲሆን ነው። ትንሽ ወዲያ ወይም ወዲህ ካለ አንዱን መርዝ ያጠፋል፣ ሌላውን ያሳልፋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ትንሽ ይጨምራል፣ ሴንሰሩን ያያል፤ ትንሽ ይቀንሳል፣ እንደገና ያያል። ቮልቴጁ 0.45ን መሀል አድርጎ ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለስ ይውላል። ያ መመላለስ ጤና ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ልጨምር፤ ለጥገናው አያስፈልግም፤ ደስ ስለሚለኝ ነው። ከዚህ ሴንሰር ጀርባ ያለው ስሌት የጀርመናዊው ኬሚስት የቫልተር ኔርንስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1889 ያወጣው። ይኸው ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ መብራት ሠርቷል። መብራቱ የሚያበራው ከዚርኮኒያና ኢትሪያ ከሚባል ሌላ ኦክሳይድ ቅልቅል በተሠራ ዘንግ ነበር። ችግሩ ዘንጉ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። መብራቱን ለማብራት መጀመሪያ ማሞቅ ያስፈልግ ነበር። የኤዲሰን ዓይነት አምፖል እየተሻሻለ ሲሄድ የኔርንስት መብራት ከገበያ ወጣ። ሴራሚኩ ግን ተመልሶ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1976 ቦሽ በዚሁ ሴራሚክ የተሠራ ሴንሰር በብዛት ማምረት ጀመረ፤ መጀመሪያ የተገጠመው ቮልቮ ላይ ነበር። ያ የጥንቱ ችግርም አብሮ መጣ፦ ሴራሚኩ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ካልደረሰ አይናገርም። የመጀመሪያዎቹ ሴንሰሮች ጭሱ እስኪያሞቃቸው ይጠብቁ ነበር። ቆየት ብሎ ሆዳቸው ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ማሞቂያ ተጨመረላቸው።

የእኔ መኪና የታመመችው እዚህች ማሞቂያ ላይ ነው።

የስህተት ኮድ የሚያነበው መሣሪያ፣ ስካነሩ፣ ያወጣው ኮድ ፒ0135 ነበር። «የመጀመሪያው ረድፍ፣ የመጀመሪያው ኦክስጅን ሴንሰር፣ የማሞቂያ ሰርኪዩት» ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ማሞቂያው ተቃጥሏል አይልም። ሰርኪዩት ነው የሚለው። ሰርኪዩቱ ውስጥ ፊውዝ አለ፣ ሽቦ አለ፣ ሶኬት አለ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ አለ። ማሞቂያው ከነዚህ አንዱ ነው።

ከቀላሉ ጀመርኩ። ፊውዙ ደህና ነው። ሶኬቱን ነቀልኩት፤ ውስጡ ንጹሕ ነው፣ ዝገት የለም፣ የታጠፈ እግር የለም። ከመኪናው በኩል በሚመጣው ግማሽ ላይ ሞተሩ ሲነሳ የባትሪ ቮልቴጅ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ሴንሰሩ ግማሽ ዞርኩ። አራት ሽቦ ካላቸው ሴንሰሮች ሁለቱ ሽቦዎች የማሞቂያው ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ቀለማቸው አንድ ዓይነት ነው። የኤሌክትሪክ መለኪያዬን፣ ቴስተሩን፣ ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም ልኬት) ላይ አድርጌ በሁለቱ መካከል ለካሁ። ጤነኛ ማሞቂያ ሲቀዘቅዝ ጥቂት ኦም ያሳያል፤ ትክክለኛው ቁጥር በየመኪናው የጥገና መመሪያ ላይ አለ። የእኔ ጭራሽ ምንም አላሳየም። ውስጡ ተበጥሷል። ከዚህ በኋላ ክርክር የለም።

ይህን ሁሉ ለአንድ ማሞቂያ ማድረግ የሚበዛባችሁ ካላችሁ የአክስቴን ልጅ ታሪክ ስሙኝ።

የሱ መኪና ያወጣችው ኮድ ፒ0171 ነበር። ድብልቁ ሳስቷል፤ አየር በዝቷል ወይም ቤንዚን አንሷል ማለት ነው። ይህን ለኮምፒውተሩ ያሳወቀው ኦክስጅን ሴንሰሩ ስለሆነ ሴንሰሩ ተቀየረ። ኮዱ ተሰረዘ፣ መብራቷ ጠፋች፣ ሁሉም ደስ አለው። ትንሽ ቆይታ ተመልሳ በራች። «አዲሱም ፎርጅድ ነው ማለት ነው» ብሎ ሁለተኛ ሊገዛ ሲነሳ፣ «ቆይ እስቲ» አልኩት። ኮፈኑን ከፈትን። ከአየር መጠን መለኪያው አልፎ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ጎንበስ ሳደርገው፣ እጥፋቱ ውስጥ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፈተ። አየር ሳይለካ በዚያ ይገባል። ኮምፒውተሩ ስለዚያ አየር ስለማያውቅ ቤንዚኑን በለካው ልክ ብቻ ይሰጣል። ጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ይተርፋል። አሮጌው ሴንሰር «ኦክስጅን ተርፏል» አለ። እውነቱን ነበር። ምስክር ቀርቦ «ሌባ አይቻለሁ» ሲል ምስክሩን እንደማሰር ነው የሆነው።

ከዚህም የባሰ አለ። አንዱ ሲሊንደር ካንዴላው አልተኩስ ብሎታል እንበል። ቤንዚኑም ሳይቃጠል፣ አየሩም ሳይቃጠል ተያይዘው በጭስ ማውጫው ይወጣሉ። ከኋላ የቆመ ሰው ቤንዚን ቤንዚን ይሸተዋል፤ ድብልቁ ወፍሯል፣ ቤንዚን በዝቷል ይላል። ሴንሰሩ ግን ቤንዚን አያውቅም ብለናል። የሚያየው ያልተቃጠለውን ኦክስጅን ነው፤ ስለዚህ ሳስቷል ይላል። ኮምፒውተሩ አምኖት ቤንዚን ይጨምራል። ያ ትርፍ ቤንዚን ካታላይዘሩ ውስጥ ይቃጠልና ውድ የሆነውን ዕቃ ያቀልጠዋል። ጭስ ማውጫው ከሴንሰሩ በፊት ተሰንጥቆ የውጭ አየር ሲስብም ያው ነው፤ ድብልቁ ሳይሳሳ ሴንሰሩ ሳስቷል ይላል። በሁሉም ሴንሰሩ ንጹሕ ነው።

ታዲያ ሴንሰሩ ራሱ ሲያጠፋ በምን ይታወቃል? የማሞቂያው ኮድ ቀላሉ ነው፤ በቴስተር ይለካል። ሌላው መዘግየት ነው፤ ፒ0133 የሚለው ኮድ ይህንን ይናገራል። ሞተሩን በደንብ አሙቁና የሴንሰሩን ቮልቴጅ በስካነር ላይ እያያችሁ ቤንዚን መስጫውን ድንገት ረገጥ አድርጉ። ቮልቴጁ ወዲያው መውጣት አለበት። ከዚያ አንዲት ቀጭን የቫኪዩም ቱቦ ለአፍታ ነቅላችሁ አየር አስገቡ፤ ወዲያው መውረድ አለበት። ለሁለቱም ቶሎ የሚመልስ ሴንሰር እየሠራ ነው። አንድ ቁጥር ላይ ደርቆ የቀረ ወይም እየተጎተተ የሚመልስ ከሆነ፣ ያኔ ጥርጣሬው ወደሱ ይዞር። ይህ ፈተና የሚሠራው ግን ለተለመደው ዓይነት ሴንሰር ነው። ብዙ አዳዲስ መኪኖች ከፊት የሚገጥሙት ሰፊ መጠን የሚለካውን ዓይነት ነው፤ የሱ አነጋገር ሌላ ስለሆነ በ0.1 እና በ0.9 አትፍረዱበት።

ግዢው ላይም ይኸው ልዩነት ይመጣል። ሁለቱ ዓይነቶች ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው፤ ሶኬታቸውም የሚመሳሰልበት ጊዜ አለ። አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም። ስለዚህ በዓይን ሳይሆን በመለዋወጫ ቁጥር ግዙ። ቦታውንም እወቁ። የመጀመሪያው ረድፍ የሚባለው አንደኛው ሲሊንደር ያለበት ወገን ነው። አንደኛ ሴንሰር ከካታላይዘሩ በፊት፣ ሁለተኛው ከኋላው ነው። አራት ሲሊንደር በመስመር የተሰለፈበት ሞተር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ረድፍ ብቻ ስላለው ራስ አያዞርም። ሶኬት የሌለው፣ ሽቦውን ቆርጣችሁ የምትቀጥሉት ርካሽ ሴንሰርም አለ። እኔ አልወደውም። ብዙ ሴንሰሮች የውጭውን አየር የሚያገኙት በሽቦዎቹ ክሮች መካከል ባለው ክፍተት በኩል ነው። ሽቦው በብየዳ ከተደፈነ ወይም ሶኬቱ በቅባት ከተሞላ ሴንሰሩ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ከዚያ የሚናገረው ሁሉ የተዛባ ይሆናል።

አሁን ወደ መፍታቱ።

ሴንሰሩ ዓመታት ሙሉ ሲግልና ሲቀዘቅዝ፣ ዝናብና ጭቃ ሲለቃለቅበት ኖሯል። ከቱቦው ጋር ተጋብቷል ማለት ይቻላል። የእኔ ከሥር ነው የሚደረሰው። መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆመች፣ የእጅ ፍሬን ተያዘ፣ ጎማዎቹ ተደገፉ። ክሪክ ለማንሳት ነው እንጂ ለመያዝ አይደለም። ሥሯ የገባሁት ጠንካራ የብረት መቆሚያ ካስገባሁላት በኋላ ነው። ይህን ከማይቀበል ሰው ጋር አልከራከርም፤ እቃ እንኳ አላቀብለውም።

ዝገት ማስለቀቂያውን ማታ ረጭቼበት አደረ። ጠዋት ሞተሩን ትንሽ አስነሳሁና አጠፋሁት፤ ቱቦው ለብ ሲል ብረቱ ስለሚላላ ይረዳል። ለብ ነው ያልኩት፤ የጋለ ጭስ ማውጫ ቆዳ ይዞ ይቀራል። ጓንትና መነጽር አደረግኩ፤ መነጽሩ በተለይ ከሥር ለሚሠራ ሰው ግዴታ ነው፣ ዝገቱ የሚወርደው ዓይን ላይ ነው።

ብዙዎቹ ሴንሰሮች የሚፈቱት በ22 ሚሊ ሜትር መፍቻ ነው። ሽቦው እንዲያልፍ ጎኑ የተሰነጠቀ ለዚሁ የተሠራ መፍቻ ይሸጣል። ጥሩ ነው፤ ግን ሴንሰሩ ክፉኛ ከተያዘ ስንጥቁ ይከፈትና መፍቻው ይንሸራተታል። ማዕዘኖቹ ከተበሉ ደግሞ ሥራው ሌላ መልክ ይይዛል። የእኔ ንቅንቅ አላለም። እዚህ ላይ ያ ሁሉ ልኬት ጠቀመኝ። ሴንሰሩ መሞቱ ተረጋግጧል፣ አዲሱም ከጎኔ አለ፣ ቁጥሩም ልክ ነው። ስለዚህ ሽቦውን ቆረጥኩትና ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ የሚይዝ ድፍን መፍቻ አገባሁበት። ገና በጥርጣሬ ላይ ያለ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም። መያዣው ላይ ቧንቧ ጨምሬ አስረዘምኩና በዝግታ ተጫንኩ። መጀመሪያ ለአመል ያህል ወደ ማጥበቂያው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው። «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ይህ ድምፅ ሁለት ትርጉም አለው፤ ወይ ተፈታ ወይ ተሰበረ። ተፈታ።

ከዚያ ወዲያ አልጎተትኩትም። ሩብ ዙር ፈታሁ፣ ትንሽ መለስኩ፣ ዘይት ጨመርኩ፣ እንደገና። ዝገቱ እየተፈጨ እንዲወጣ ነው። በአንድ ትንፋሽ ከተፈታ የቱቦውን ጥርስ ይዞ ይወጣል። ጥርሱ ከተበላ በአብዛኛው በ18 ሚሊ ሜትር ጥርስ ማስተካከያ ይጠረጋል፤ ባይደረስበት ግን ይመረጣል።

የወጣውን ሴንሰር ወዲያው አልጣልኩትም። ጫፉ ስለ ሞተሩ ይናገራል። ጥቁርና ጥላሸት የበዛበት ከሆነ ድብልቁ ወፍሮ ከርሟል። ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር ከለበሰ ሲሊከን ሊሆን ይችላል፤ ለሴንሰር የማይስማማ ማሸጊያ ማስቲሽ ወይም ወደ ሞተሩ የሚገባ የራዲያተር ፈሳሽ ያመጣዋል። እንዲህ ዓይነት ምልክት ካለ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል። የእኔ ግራጫና ደረቅ ነበር። ዕድሜ ነው።

አዲሱን መግጠም ከመፍታቱ ጋር ሲነጻጸር ዕረፍት ነው። ጫፉ በጣት አይነካም። ከእጅ ካመለጠና ወለል ካገኘው፣ ከውጭ ምንም ባይመስልም ውስጡ ያለው ሴራሚክ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጥርሱ ላይ የሚቀባው መከላከያ ቅባት አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካው ተቀብቶ ይመጣል፤ ካልመጣ ለሴንሰር የተሠራውን ትንሽ፣ ጥርሱ ላይ ብቻ። መጀመሪያ በእጅ እስከ መጨረሻው መግባት አለበት። በእጅ ካልገባ ጥርሱ ተዛንፏል፤ በመፍቻ ማስገደድ የለም። የማጥበቂያው ልክ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ነው፤ የመኪናው መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ተከተሉ። ሽቦው በፊት በነበረበት ማቀፊያ ውስጥ ይመለስ፤ ጭስ ማውጫውን ከነካ ይቀልጣል።

ከዚያ አስነሳሁ፤ ደጅ ላይ ነው። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማስነሳት ሰው ይገድላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም። ኮዱን ሰረዝኩና የሴንሰሩን ቁጥር እያየሁ ቆየሁ። በፊት ብርድ ላይ ሲነሳ ሴንሰሩ ዝም ብሎ ይቆይ ነበር፤ ጭሱ እስኪያሞቀው። አሁን ቶሎ ነቃና መመላለስ ጀመረ። ኮድ ሲሰረዝ ኮምፒውተሩ ራሱን የፈተሸበት መዝገብም አብሮ ይሰረዛል። የጭስ ምርመራ ያለበት ሰው ይህን ይወቅ፤ ከምርመራው በፊት መኪናው በተለያየ ፍጥነት፣ ከቀዝቃዛ እየተነሳ፣ ትንሽ መነዳት አለበት።

ሥራውን ሊያይ የመጣ ጓደኛዬ «እጅህ ከቆሸሸ አይቀር የኋላውንም ቀይረው» አለኝ። የኋላው የካታላይዘሩ ተቆጣጣሪ ነው። ካታላይዘሩ ሥራውን ከሠራ የኋላው ቮልቴጅ ብዙም አይንቀሳቀስም። የፊተኛውን እየተከተለ መመላለስ ከጀመረ ኮምፒውተሩ ፒ0420 ያወጣል፤ ብዙ ሰው ያኔም ሴንሰሩን ይቀይራል። የእኔን በስካነር አሳየሁት፦ ሞተሩ ሞቆ 0.7 አካባቢ ረግቶ ተቀምጧል። ሞተሩን አጥፍቼ ሲቀዘቅዝ ሶኬቱን ነቀልኩና ማሞቂያውንም ለካሁለት። ጥቂት ኦም፣ ልክ መመሪያው እንደሚለው።

«ታዲያ ለምን ይቀየራል?» አልኩት።

«አርጅቷላ!» አለኝ።

ሶኬቱን መልሼ ገጠምኩት። ሴንሰሩ እስካሁን እዚያው ነው፤ ጓደኛዬም እስካሁን አላመነም።